አንደኛ ማርሽ ላይ የቆመው ሞተር

ወንድሜ ሞተሩን የሚያቆመው ማርሽ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ባሕር ዳር የተከራየነው ቤት ሐይቁ ዳር ነው፤ ግቢው ከበሩ ጀምሮ ወደ ውሃው ያዘቀዝቃል። የሞተሩ የጎን ማቆሚያ ደግሞ ደካማ ነበር። አንድ ጊዜ ተንሸራቶ ወድቆ የአከራያችንን ሳንቃ ሰብሮባቸዋል። አከራያችን ጀልባ ሠሪ ናቸው፤ ሳንቃ ሲሰበር ደስ አይላቸውም። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ሞተሩን ሲያጠፋ በግራ እግሩ ጫን ያደርግና አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ይወርዳል። ሞተር ማርሽ ውስጥ ካለ የኋላ ጎማው ይያዛል፤ ቁልቁለት ላይም ቢሆን አይሄድም። ይህን ያስተማረኝ እሱ ነው። ስለ ሞተር የማውቀው ይህን፣ ፍሪሲዮን መያዝንና ማስነሳትን ነው። የቀረውን ሊያስተምረኝ ነበር።

ሥራው የውሃ ፓምፕ መጠገን ነበር። በሐይቁ ዙሪያ ሽንኩርትና ሩዝ የሚያለሙ ገበሬዎች ፓምፓቸው ሲቆም ይደውሉለታል፤ እሱም የመፍቻ ሣጥኑን ከኋላው አስሮ ይሄዳል። ከባዱን ሞተር የገዛው ለዚህ ነው። ሰው ሁሉ ቀለል ያለ ሞተር ግዛ ሲለው፣ "ጭቃው ቀላል አይደለም" ይል ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው ከወረታ ወዲያ ካለ አንድ ቀበሌ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር። በሩን ከፈትሁለት። ዓይኑ ቀልቷል፤ ይንቀጠቀጣል። ሞተሩን ከቦታው አቆመና አጠፋው። ከዚያ እግሩ ጫን ሲል "ቀጭ" የምትለዋን ድምፅ ሰማሁ። "ትንሽ ጋደም ልበል፣ ራት ሲደርስ ቀስቅሰኝ" አለኝ። ወባ መስሎን ነበር። ለእናቴም ስደውል "ወባ ነው፣ ይሻለዋል" አልኋት። በስድስተኛው ቀን ሆስፒታል ሞተ። ስለ ሆስፒታሉ ሁለት ጊዜ መጻፍ ጀምሬ ሁለቴም ትቼዋለሁ። እዚህም እተወዋለሁ።

የተቀበረው ይፋግ ነው፤ እናታችን ያለችበት። ከቀብሩ በኋላ እኔ ወደ ባሕር ዳር ተመለስሁ። ሊጠገኑ የመጡ ፓምፖች ቤት ውስጥ ነበሩና ለባለቤቶቻቸው መመለስ ነበረብኝ። ልብሱን አጠፍሁ። አልጋውን አነሳሁ። ጫማውን ጠርጌ አስቀመጥሁ። ሞተሩን ግን አልገፋሁትም። አቧራውን እንኳ የምጠርገው ሳላንቀሳቅሰው ነው። እንዴት እንደምለው አላውቅም። ሌላውን ዕቃ ሁሉ ሰው ነክቶታል። ልብሱን፣ እሱን የገነዙት ሰዎች ነክተውታል፤ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። ሞተሩ ግን እሱ እንዳቆመው ነው። ማርሹን ያስገባው የእሱ እግር ነው። ማንም ካላስነሳው፣ ማንም ማርሹን ካላወጣው፣ ያ ቀን ገና አላለቀም ማለት ነው ብዬ አስብ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው እንዲህ ያስባል ወይ? አስብ ነበር።

ስለዚህ ቁልፉን ከማተቤ ጋር አስሬ አንገቴ ላይ አደረግሁት፤ ከሸሚዜ ሥር።

አርባው ሲቃረብ አጎቴ ከይፋግ ደወሉልኝ።

"ሞተሩን አምጣው" አሉኝ።

"ወዴት፣ ጋሼ?"

"ለቅሶው ላይ ነዋ። አባትህ ሲሞት በቅሎው ተጭና አልወጣችም?"

ወጥታ ነበር። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርሁ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ይቀመጥበት የነበረው ፈረስ ወይም በቅሎ ኮርቻው ተጭኖ፣ የሟቹ ልብስ ከላዩ ተደርጎ፣ አልቃሹ መሀል ይወጣል። ለቀብር ያልደረሰ የሩቅ ዘመድ እሱን አይቶ ያለቅሳል። የአባቴ በቅሎ ጋቢው ላይዋ ላይ እንዳለ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሣር ስትግጥ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ሳቄ መጥቶ አፌን በእጄ ያዝሁ። ወንድሜ አየኝና ሊቆጣኝ ሲል እሱም ሳቀ።

"ወንድምህ በቅሎ አልነበረውም" አሉ አጎቴ። "የነበረው ሞተር ነው። የአርባው ዋዜማ የቋራውም፣ የደምቢያውም ዘመድ ይመጣል። እሱኑ እናውጣለት።"

"እኔ መንዳት አልችልም።"

"የሚነዳ ሰው ፈልጋ!"

"አይነሳም" አልሁ። "ተበላሽቷል።"

እንዲህ ነው የዋሸሁት። አስቤበት አልነበረም። ከስልኩ ወዲያ እናቴ የሆነ ነገር ስትጠይቅ ሰማሁ፤ እሳቸውም "ተበላሽቷል ይላል" አሏት።

"እንግዲያው ጭነህ አምጣው" አሉኝ ተመልሰው። "እንደ ድንጋይም ቢሆን ጭነህ አምጣው። ቀትር ሳይሆን ድረስ።"

በዋዜማው ከማለዳው አንድ ሰዓት ላይ የተከራየሁት ፒካፕ በራችን ላይ ቆመ። ሾፌሩ ከየመንደሩ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያመላልስ ሰው ነው፤ ወንድሜን በመንገድ ላይ ያውቀዋል። የወንድሜ ጓደኛም መጣ፤ እሱ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ ከወንድሜ ጋር የማን ሥራ ይበልጥ ያቆሽሻል እያሉ የሚቀላለዱ ነበሩ። አከራያችንም መጥረቢያቸውን አስቀምጠው መጡ። ሙስሊም ናቸው፤ እኔና ወንድሜ አባባ ነው የምንላቸው። ከእኔ ጋር አራት ሆንን።

ጠጋኙ ሞተሩን ዞረው።

"ምን ሆነ ነው ያልኸው?"

"አይነሳም።"

"ምኑ?"

"ባትሪው... ሞቷል።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ባትሪውን እኮ የቀየርሁት እኔ ነኝ። ከመታመሙ በፊት ባለው ሳምንት። አዲስ ባትሪ!"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"እስቲ ቁልፉን አምጣና ልየው።"

"ቁልፉ ይፋግ ነው። እናቴ ጋ።"

ሁለተኛው ውሸት ይህ ነው። ቁልፉ ደረቴ ላይ ነበር።

ሾፌሩ ሳቀ። "ይኸው! ጠጋኝ ነኝ ይላል፤ አርባ ቀን የማይቆይ ባትሪ ይገጥማል።"

"አንተ ዝም በል፤ ያንተን መኪና ማን ነው የሚያስነሳልህ?"

"ቁልቁለት።"

አባባ ሳቁ። ጠጋኙ ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ባትሪው ያለበትን ክዳን በአውራ ጣቱ ጠረገ፤ ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ አበሰ። ጓደኛውን ለመጨረሻ ጊዜ በማይረባ ዕቃ የሸኘው መሰለው። አየሁት፤ ገባኝም። ግን አፌን አልከፈትሁም።

መጀመሪያ ሞተሩን ከቆመበት ወደ በሩ፣ ዳገቱን መግፋት ነበረብን። እኔ መሪውን ያዝሁ፤ ሦስቱ ከኋላ ሆኑ። አባባ "ቢስሚላህ" አሉ፤ ሾፌሩ "በስመ አብ" አለ፤ ጠጋኙ "ሁለቱም ይግፉ እንግዲህ" አለ። ገፋን። የኋላ ጎማው አልዞረም፤ መሬቱን እንደ ማረሻ ሰንጥቆ አንድ ክንድ ያህል ተጎተተ።

"ይሄ ሞተር ነው ወይስ ያልተገራ በሬ?" አለ ሾፌሩ።

ጠጋኙ ወደ ታች አየ። "ማርሽ ላይ ነው እኮ! ጅሎች ነን።" እግሩን አነሳ።

"አትንካው!"

እንደዚያ መጮህ እንደምችል አላውቅም ነበር። ሾፌሩ የጋለ ብረት እንደነካ ሰው እጁን አነሳ። ጠጋኙ አንድ እግሩ በአየር ላይ እንዳለ ቀረ።

"ምን ሆንህ?"

"አታውጣው። ማርሹን አታውጣው።"

"ማርሽ ላይ ሆኖ እንዴት ይገፋል?"

"እሱ ነው..." አልሁ። "እሱ ነው ያስገባው።"

ከዚህ በላይ አልወጣልኝም። ከውሃው ዳር የሰው ሳቅ ይሰማል፤ ዓሣ የሚያወርዱ ሰዎች ነበሩ።

"ተውለት" አሉ አባባ በመጨረሻ። "የያዘውን ይዞ ይሂድ።"

ጠጋኙ እግሩን መሬት አሳረፈ። ትንሽ አሰበ። ከዚያ አጠገቤ መጥቶ ግራ እጄን ይዞ መሪው ላይ ካለው የፍሪሲዮን መያዣ ላይ አደረገው።

"ጭመቅ" አለኝ። ጨመቅሁ። "በርታ፣ እስከ መጨረሻው። አሁን ጎማው ነፃ ነው፤ ማርሹም ከቦታው ነው። አንተ ከለቀቅኸው ግን ጎማው ጥርቅም ይላል፤ እኛም አብረን እንወድቃለን። እኔ ልቀቅ እስክልህ እንዳትለቅ። ገባህ?"

"ገባኝ።"

እንደዚያ አድርገን ወደ በሩ ገፋነው። ጎማው ዞረ። የወንድሜ ሞተር ፍሪሲዮን ጠንካራ ነው፤ እሱ መዳፉ ሰፊ ስለሆነ አይታወቀውም ነበር። እኔ በሩ ጋ ሳንደርስ ክንዴ እስከ ክርኔ ደነዘዘ።

ሾፌሩ የጭነቱን የኋላ መዝጊያ፣ ስፖንዳውን፣ አወረደ። አባባ ለጀልባ ያዘጋጁትን ወፍራም ሳንቃ አመጡና ከመሬት ወደ መኪናው አስደገፉት። ሳንቃው ቀጥ ያለ ነበር፤ እንደ መሰላል። አንዳችንም ይህ አይሆንም አላልንም። ሰው ሲገፋ ጉልበቱን ነው የሚያምነው።

የፊት ጎማው ወጣ። ሞተሩ ግማሽ ድረስ ሄደ። እኔ ከጎኑ ሆኜ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ነው ፍሪሲዮኑን የያዝሁት፤ እንዲያ ሲሆን ጉልበት የለም። ጣቶቼ ሲንሸራተቱ ተሰማኝ። "ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ" አልሁ፤ ግን በእነሱ ጩኸት መሀል አልተሰማም። ለቀቅሁት።

ጎማው ጥርቅም አለ። ሞተሩ ወደ ጠጋኙ ዘመም አለ። ጠጋኙ አልሸሸም፤ ጭኑን ከሥሩ አስገባና ሙሉ ክብደቱን ተሸከመው። አንዱ መስተዋት ከጎኑ ስፖንዳ ጋር ተጋጭቶ ተሰነጠቀ። አባባና ሾፌሩ ከኋላ ይዘው ቀስ እያሉ መለሱት። ጎማው መሬት ሲነካ ጠጋኙ አነከሰ።

"ይቅርታ" አልሁት።

"ዝም በል፤ እግሬ ሁለት ነው።"

ቁጭ ብሎ ጭኑን አሸው። እኔ የተሰነጠቀውን መስተዋት አየሁ። ወንድሜ ወደ ኋላው የሚያይበት ነው። አሁን ማርሹን ያውጡት ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሰው እግሩን ሊሰብር ነው፤ ለምን ብዬ ነው? ግን አልወጣልኝም።

አባባ ሳንቃውን አንስተው ወደ ጎን ጣሉት።

"እናንተ ልጆች" አሉ፣ "ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ግቢ ስትገቡ ስትወጡ ጀልባ እንዴት እንደምጭን አይታችሁ አታውቁም? ሞተሩ ምን ያወጣዋል? መኪናው ይውረድ እንጂ።"

ከግቢው በር ውጭ የክረምት ጎርፍ የሚወርድበት ቦይ አለ። በዚያን ሰሞን ደረቅ ነበር። አባባ የመኪናውን የኋላ ጎማዎች ቦዩ ውስጥ አስገባ አሉት ሾፌሩን፤ ያኔ የመኪናው ጀርባ ዝቅ ብሎ ከበራችን ደፍ ጋር ይተካከላል።

"አባባ፣ ከዚያ ሳልወጣ ብቀርስ?"

"ስንቱን ጀልባ ጫንሁበት። ካንተ በፊት ማንም አልቀረም።"

"እኔ ቲማቲም ነው የለመድሁት።"

"ቲማቲሙን ሲጭኑልህ መኪናው ውስጥ እንደምትተኛ ሰምቻለሁ" አለ ጠጋኙ ከተቀመጠበት። ሾፌሩ መርቆት ይሁን ረግሞት አልሰማሁም፤ መኪናው ውስጥ ገባ።

አባባ ድንጋዮቹ የት እንዳሉ ያውቃሉ። ከአጥሩ ሥር የተከመሩ፣ ለዚሁ ሥራ የተቀመጡ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ናቸው። አራቱን ቦዩ ውስጥ፣ ጎማዎቹ የሚያርፉበት ላይ ደለደልን። ፒካፑ ወደ ኋላ እየተንገጫገጨ ወረደ፤ የኋላው ከደፉ አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ብሎ ቆመ። ሳንቃው አሁን ጠፍጣፋ ተኛ፤ ድልድይ ሆነ።

እንደገና ፍሪሲዮኑን ያዝሁ። ክንዴ ገና አልተመለሰም ነበር። ጠጋኙ እያነከሰ መጣና በእኔ በኩል ቆመ። ምንም ሳይለኝ እጁን እጄ ላይ ደርቦ አብሮኝ ጨመቀው። መዳፉ በዘይት የሻከረ ነው፤ የወንድሜም እንደዚያ ነበር። አባባና ሾፌሩ ገፉ። ሞተሩ ሰው እንዳቀፈው ሕፃን ዝም ብሎ መኪናው ላይ ገባ። እኔና ጠጋኙም አብረነው ሳንቃውን ተራምደን ገባን።

"ልቀቅ" አለኝ።

ጣቶቼ እምቢ አሉ። አንድ በአንድ ዘረጋልኝ።

ያሰሩት አባባ ናቸው፤ በጀልባ ገመድ፣ ከአራት ማዕዘን ወጥረው። ሲጨርሱ ገመዱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና ቤት ገቡ። የተመለሱት ነጭ ኩታ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው ነው።

"እኔም እመጣለሁ" አሉ። "ሳንቃዬን ሰብሮ በምትኩ ሁለት የሠራልኝ ልጅ ነው።" ከሾፌሩ ጎን ገቡ። እኔና ጠጋኙ ኋላ፣ ከሞተሩ ግራና ቀኝ ተቀመጥን። መኪናው አንዴ ተንፈራግጦ ከቦዩ ወጣ።

የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ከተማውን ስንለቅ ነፋሱ በረታ። ከወረታ ወዲህ ያለው ሜዳ ሩዙ ታጭዶ ክምር ክምር ሆኗል። አንዳንዱ ማሳ ዳር ፓምፕ ቆሟል። ምናልባት ወንድሜ የጠገነው ይሆናል፤ ላይሆንም ይችላል። አንድ ገበሬ ሞተሩን ከሩቅ አይቶ እጁን አነሳ፤ እኛን ሲያይ ግን ቀስ ብሎ አወረደው። አውቆት ነበር።

መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ሞተሩን ለመያዝ ተነሣሁ። ያኔ ነፋሱ ሸሚዜን ከፈተው፤ ቁልፉም ከማተቤ ጋር ወደ ውጭ ወጣ። ቶሎ መለስሁት፤ ግን ጠጋኙ አይቶታል።

ወረታን አለፍን።

"ባትሪው ደህና ነው?" አለኝ በመጨረሻ፤ ወደ ሜዳው እያየ።

"ደህና ነው።"

"ምንም አልሆነም?"

"ምንም። ሞክሬውም አላውቅ።"

ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ከዚያ ሳቅ የሚመስል ነገር መጣበት፤ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። "አንተ ልጅ፣ ከጠዋት ጀምሮ ገደልኸኝ እኮ። የመጨረሻ ሥራዬ ነው ለእሱ። ተበላሸ ስትለኝ..." አልጨረሰውም።

"ይቅርታ አድርግልኝ።"

"ለምን እንደዋሸህ አልጠይቅህም" አለ። "ማርሹን ላወጣው ስል ፊትህን አይቼዋለሁ።" ተነሥቶ ያልላላ ገመድ አጠበቀ።

ይፋግ የደረስነው ቀትር ሳይሆን ነው። አጎቴ በመስኖው ቦይ ጠርዝ በኩል አቆሙንና እንደጠዋቱ አድርገን፣ እኔ ፍሪሲዮኑን ጨምቄ፣ አወረድነው። ከዚያ ሰው ወደተሰበሰበበት ሜዳ ገፋነው። አጎቴ የወንድሜን ጋቢ እንደ ኮርቻ ልብስ መቀመጫው ላይ ዘረጉ፤ ባርኔጣውን መሪው ላይ ሰቀሉ፤ የመፍቻ ሣጥኑን ከኋላው አሰሩ። ሁለት ሰዎች መሪውን በቅሎ እንደሚይዙ አድርገው ከግራና ከቀኝ ያዙ። የሩቅ ዘመዶች ሲያዩት ለቅሶው ተነሣ። አንድ ከቋራ የመጡ ሽማግሌ፣ ወንድሜን ልጅ ሳለ ብቻ የሚያውቁት፣ የፊት መብራቱን እንደ ሕፃን ራስ እየዳበሱ አለቀሱ። አባባ ከአጎቴ ጎን ቆመው በኩታቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

ከዚያ እናቴ መጣች። ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት፤ አልቃሾቹም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። መዳፏን የቤንዚኑ ታንክ ላይ አሳረፈች።

"ቀዝቃዛ ነው" አለች። "ሲመጣ ሁልጊዜ ይሞቅ ነበር።"

እኔ አጠገቧ ነበርሁ። እየደጋገመች ዳሰሰችው።

"ከአስፋልቱ ሲገነጠል ነው የምሰማው" አለችኝ ቀስ ብላ፤ ከእኔ በቀር የሰማት ያለ አይመስለኝም። "ጎረቤቶቹ ምን ሰማሽ ይሉኛል። እኔ ግን ያኔውኑ የእጅ ውኃ አስቀምጣለሁ። በር ላይ ሲደርስ ውኃው ተዘጋጅቷል። አጎትህን የለመንሁት እኔ ነኝ፤ አምጡልኝ ያልሁት። ሌላው ሰው አይቶት ያልቅስ። እኔ ለማልቀስ ሞተር አያሻኝም። አንድ ጊዜ ድምፁን እንዲያሰሙኝ ነበር።" መዳፏን ከታንኩ አነሳች። "ተበላሽቷል አልኸኝ። ይሁን። ወባ ነው፣ ይሻለዋል ብለኸኝም ነበር።"

የተናገረችው በቁጣ አይደለም። በቁጣ ብትለው ይቀለኝ ነበር።

እሱ ያቆመውን ነገር የምጠብቅ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። እሷ ሌላ ነገር ትጠብቅ እንደነበር አላሰብሁም። እኔ የምፈልገው ዝም እንዲል ነው፤ እሷ የምትፈልገው እንዲሰማት ነው። ሁለቱ አብረው አይሆኑም።

"እማዬ" አልሁ። "አልተበላሸም።"

አየችኝ።

"ዋሽቼ ነው። ማንም... እንዳይነካው ብዬ።"

ማተቤን በራሴ በኩል አወጣሁት፤ ቋጠሮውን ልፈታ ብሞክር ጣቶቼ ከጠዋቱ ድካም አልታዘዝ አሉኝ። ከነማተቡ ቁልፉን ሞተሩ ውስጥ ከተትሁት። ጠጋኙ ጠጋ ብሎ "እኔ ላድርገው?" አለኝ።

"አይ። እኔ።"

መሪውን የያዙት ሰዎች ለቀቁልኝ። ጋቢው ላይ ተቀመጥሁ። ቁልፉን አዞርሁ፤ መብራቶቹ በሩ። ከመሀላቸው አረንጓዴዋ አልበራችም። ሞተሩ ከማርሽ ሲወጣ ነው የምትበራው፤ ወንድሜ አሳይቶኛል። ግራ እግሬን ማርሹ ላይ አሳረፍሁ። የእሱ እግር ያለበት ቦታ ነው። ፍሪሲዮኑን ይዤ በእግሬ ጣት ከሥሩ ወደ ላይ ገፋ አደረግሁት። አልሄደም። ጠጋኙ "ሞተሩን ወዝወዝ አድርገው" አለኝ። ወዘወዝሁት። ከዚያ ቀጭ አለ። ያችው ድምፅ ናት።

አረንጓዴዋ በራች።

አንድ ጊዜ ሞከርሁ፤ አልተነሳም። ሁለተኛም። ጠጋኙ ትንፋሹን ይዞ ነበር። በሦስተኛው ተነሳ።

ድምፁ ሜዳውን ሞላው። የሚያለቅሰው ሰው ሁሉ ዝም አለ። የመፍቻ ሣጥኑ ከኋላዬ ተንኳኳ፤ ውስጡ ያሉት መፍቻዎች ይንቃጨሉ ነበር፤ ሁልጊዜም ይንቃጨላሉ፤ ረስቼው ነበር። እናቴ ግን ሞተሩን አላየችውም። ፊቷን ወደ አስፋልቱ አዙራ፣ ጆሮዋን ሰጥታ ቆመች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ምን እንዳለች አልጠየቅኋትም፤ አልጠይቃትምም።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በመጨረሻ ዞራ መጣችና እጇን ታንኩ ላይ አደረገች። ሞቆ ነበር።

"አሁን አጥፋውና ውረድ" አለችኝ። "ና፣ እጅህን ታጠብ።" ከዚያ ለደገፏት ሴቶች "ውኃ አቅርቡለት" አለቻቸው።

አጠፋሁት። እናቴ ጋቢውን ከሥሬ ልታወጣው ስትጎትት ሞተሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ሜዳው ወደ ቦዩ ያዘቀዝቃል፤ ማቆሚያውም ደካማ ነው። በእግሬ ጫን አድርጌ አንደኛ ማርሽ አስገባሁና ወረድሁ።